150 ሚሊዮን ዲግሪውን ተዉትና ስለ ጠርዙ እናውራ

ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ ብዙም ሳይቆይ መስከረም ላይ መንግስት ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለመስራት የድርጊት መርሀ ግብር ተፈራረመ፣ ከዛ ወዲህ ደብረ ብርሃን ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ሁሉ የኒውክሌር ባለሙያ ሆኖላችኋል። ወሬው አይከፋም፣ እንደውም ደስ ይላል፣ ስለ ኳስና ስለ ጤፍ ዋጋ ብቻ ከማውራት ይሻላል። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተደባለቁ ነው። የተፈረመው ስለ ፊሽን ነው፣ ዩራኒየም ሰንጥቆ ውሀ አፍልቶ ተርባይን ማዞር፣ አለም በፈረንጅ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚያውቀው ስራ። በቴሌግራም "ቻይና ሰው ሰራሽ ፀሀይ አበራች" እየተባለ የሚዞረው ደግሞ ፊውዥን ነው፣ ሀይድሮጅንን አጋጭቶ ማዋሀድ፣ እሱ እስከዛሬ ለአንድም ሀገር መስመር አንዲት ዋት አላስገባም። ዛሬ ማውራት የፈለኩት ስለዚህኛው ነው፣ እሱም ሁሉም ስለሚያወራለት 150 ሚሊዮን ዲግሪ የመሀሉ ሙቀት ሳይሆን ማንም ስለማያነሳው ጠርዝ፣ ምክንያቱም በኔ እይታ ፊውዥን ማመንጫ ይሆናል ወይስ ላብራቶሪ ውስጥ ይቀራል የሚለውን የሚወስነው እዛ ጠርዝ ላይ ያለች ጥቂት ሚሊሜትር ናት። ከዚህ በታች የምጠራቸው አመታትና ቀኖቻቸው በሙሉ የፈረንጅ ናቸው፣ ኋላ እንዳንነታረክ።

መጀመሪያ ዜናዎቹን በልካቸው እናስቀምጥ። ቶካማክ የሚባለው ማሽን ዶናት ቅርጽ ያለው ባዶ የብረት ክፍል ነው፣ ውስጡ ትንሽ የሀይድሮጅን ጋዝ ይገባና ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቻቸው እስኪላቀቁ ድረስ ይሞቃል፣ ያ የተላቀቀ ነገር ፕላዝማ ይባላል፣ ግድግዳ እንዳይነካ ደግሞ በሀይለኛ ማግኔት አየር ላይ ተይዞ ይቆማል። ጥር 2025 ላይ የቻይናው ኢስት የሚባል ቶካማክ ፕላዝማውን 1,066 ሰከንድ ያዘ፣ ወር ሳይሞላ የካቲት 12 ላይ የፈረንሳዩ ዌስት 1,337 ሰከንድ ያዘ፣ ሀያ ሁለት ደቂቃ ማለት ነው። አሪፍ ነው፣ ግን ሁለቱም ትክክለኛውን ነዳጅ ማለትም ዲዩተሪየምና ትሪቲየም የሚባሉትን የከባድ ሀይድሮጅን አይነቶች ድብልቅ አልተጠቀሙም፣ ስለዚ እዛ ጋ ይሄ ነው የሚባል ፊውዥን ሀይል አልመነጨም፣ የተፈተነው መያዙ ነው። በትክክለኛው ነዳጅ ከሰሩት አንዱ እንግሊዝ ካለም የነበረው ጄት የሚባለው ማሽን ነው፣ ከመዘጋቱ በፊት በጥቅምት 2023 በአንድ ሙከራ ከ0.2 ሚሊግራም ነዳጅ 69 ሜጋጁል አወጣ። 69 ሜጋጁል ትልቅ ይመስላል፣ በመብራት ቢላችን ቋንቋ ግን 19 ኪሎዋት ሰአት ገደማ ነው። ከ0.2 ሚሊግራም መሆኑን ስታስቡት ነው የሚገርመው።

አሁን ደግሞ ሂሳቡን ወደ ትልቁ ማሽን እንውሰደው። ደቡብ ፈረንሳይ ካዳራሽ ላይ እየተገነባ ያለው ኢተር እቅዱ 50 ሜጋዋት የማሞቂያ ሀይል ተሰጥቶት 500 ሜጋዋት ፊውዥን እንዲያወጣ ነው። ከ500ው 400ው በኒውትሮን መልክ ይወጣል፣ ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው ማግኔቱን አልፎ ግድግዳው ውስጥ ሰፊ ቦታ ላይ ተበትኖ ይገባል፣ እሱ በሙቀት በኩል ብዙ አያስጨንቅም። ቀሪው 100 ሜጋዋት ግን ቻርጅ ባላቸው የሂሊየም አዮኖች ላይ ስለሆነ እዛው ፕላዝማው ውስጥ ይቀራል፣ 50ው የማሞቂያ ሲጨመር 150 ሜጋዋት ማለት ነው፣ ይሄ ሁሉ ሀይል በገባበት ፍጥነት መውጣት አለበት አለዚያ ማሽኑ አይቆምም። ልብ በሉ፣ ዌስት ሀያ ሁለት ደቂቃውን የያዘው በ2 ሜጋዋት ማሞቂያ ነው። ስለዚ "ስንት ደቂቃ ያዙ" ከሚለው ዜና በላይ "ስንት ሜጋዋት በየት በኩል ወጣላቸው" የሚለው ነው ጥያቄው፣ እሱን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ግን አላጋጠመኝም።

በየት በኩል እንደሚወጣ ለመረዳት የጠርዙን ቅርጽ ማየት ያስፈልጋል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ታርማበርን ያውቀዋል። ደጋው ሜዳ ሜዳውን እየሄደ እየሄደ ድንገት ጣሊያን ከሰራው ዋሻ በኋላ መሬቱ ያልቅና ገደል ይሆናል፣ ጃኬት ደርበህ የገባህ ሰው ሸዋ ሮቢት ስትደርስ በሸሚዝ ነህ። ከፍታውን ሙቀት ነው ብላችሁ አስቡት፣ የፕላዝማ ጠርዝ እንደዛ ነው። መሀሉ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ጠርዙ አካባቢ ሲደርስ ግን ጥቂት ሴንቲሜትር ውስጥ ከብዙ አስር ሚሊዮን ዲግሪ ወደ አንድና ሁለት ሚሊዮን ይወድቃል። ይሄን ገደል ፔደስታል ይሉታል። በ1982 ጀርመን ጋርሺንግ ውስጥ አስዴክስ በሚባል ማሽን ላይ ፍሪድሪሽ ዋግነር ያገኘው ነገር ነው፣ ማሞቂያውን ከተወሰነ መጠን በላይ ሲጨምር ጠርዙ ላይ ያለው ነውጥ ድንገት ረግቦ ገደሉ ራሱ ተሰራ፣ ፕላዝማውም ሙቀቱን ቀድሞ ከሚይዝበት ጊዜ እጥፍ ያህል መያዝ ጀመረ። ኤች-ሞድ ተባለ። ኢተር የታቀደው በዚህ ላይ ተደግፎ ነው፣ ገደሉ ባይኖር 500 ሜጋዋት የሚባል ነገር አይታሰብም። ችግሩ ገደሉ አንዳንዴ ይናዳል፣ ኤልም የሚባል ፍንዳታ በሚሊሰከንድ ውስጥ ብዙ ሀይል ወደ ውጭ ይተፋል፣ እሱን ለማለስለስ ደግሞ ተጨማሪ ማግኔት ጠምጥመዋል። የኤልም ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ልለፈው።

ከገደሉ ስር ሴፓራትሪክስ የሚባል ድንበር አለ። ከሱ ወደ ውስጥ የማግኔት መስመሮቹ እየዞሩ ራሳቸው ላይ ይዘጋሉ፣ ከሱ ወደ ውጭ ግን መስመሮቹ ክፍት ናቸው፣ ሄደው ሄደው ከማሽኑ ስር ዳይቨርተር የሚባል ወለል ላይ ይመታሉ። ከመሀል ሾልኮ የወጣ ሀይል ሁሉ በነዚ ክፍት መስመሮች ላይ ነው የሚሮጠው፣ በመስመሩ ርዝመት መሮጥ በጣም ቀላል፣ ወደ ጎን መስፋፋት ደግሞ በጣም ከባድ ስለሆነ የሚፈጠረው ቀጭን ሪባን ነው። ምን ያህል ቀጭን? ሚሊሜትር። ማሽኑ ባለ ብዙ ፎቅ ህንጻ ያክላል፣ ወደ መቶ ሜጋዋት የሚጠጋው ሀይል የሚወጣው ግን በሚሊሜትር ስፋት ነው። ዳይቨርተሩ ላይ የተደረደረው ተንግስተን ነው፣ ድሮ በምናውቀው ቢጫ አምፖል ውስጥ ያለችው ክር የምትሰራበት ብረት፣ ከ3,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። እንዲያም ሆኖ ከጀርባው ውሀ እየሮጠበት ዘላቂ በሆነ መልኩ የሚችለው በካሬ ሜትር 10 ሜጋዋት ነው፣ ለአጭር ጊዜ 20። የፀሀይ ገጽ ራሱ የሚያወጣው በካሬ ሜትር 63 ሜጋዋት ገደማ ነው፣ እንግዲህ ምንም ካልተደረገ የዳይቨርተሩ ሪባን የሚያመጣው ከተንግስተኑ አቅም በብዙ እጥፍ የበለጠ ነው። ስለዚ የግድ አንድ ነገር መደረግ አለበት፣ ያም ነገር ሀይሉ ወለሉን ከመንካቱ በፊት ጋዝ ውስጥ ማባከን ነው። አዮናይዜሽን የሚባለው፣ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን የመንቀል ጉዳይ፣ እዚህ ጋ ነው የሚገባው።

አዮናይዜሽን ሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሱቅ ውስጥ ኮርኒስ ላይ የተሰቀለውን ረጅሙን ፍሎረሰንት አምፖል እዩት፣ ውስጡ ያለው እውነተኛ ፕላዝማ ነው። እኛ ጋ በህዳርና ታህሳስ ውርጭ ሲሆን ጠዋት ማብሪያውን ስትጫኑት ስታርተሩ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ጫፍና ጫፉ ቀይ ብሎ መሀሉ ጨለማ ሆኖ ይቆያል፣ ብዙ ሰው አምፖሉ ያረጀ ይመስለዋል። አንዳንዴ እውነትም አርጅቶ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ብርድ ነው፣ ውስጥ ያለችው ጠብታ ሜርኩሪ በብርድ በደንብ ስለማትተን ኤሌክትሮኖቹ የሚመቱት የሜርኩሪ አቶም ያንሳቸዋል። አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። እዛ ቱቦ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች አማካይ ጉልበታቸው 1 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው፣ የጥቃቅን ነገሮች ጉልበት የሚለካበት መስፈሪያ ነው፣ በዲግሪ ሲመነዘር 11,000 ገደማ፣ ቱቦውን በእጃችን የምንነካው ኤሌክትሮኖቹ ቀላልና ጥቂት ስለሆኑ ነው። የሜርኩሪ አቶም ብርሀን እንዲሰጥ ለመቀስቀስ ግን 4.9 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል፣ ኤሌክትሮኑን ነቅሎ አዮን ለማድረግ ደግሞ 10.4። አማካዩ ኤሌክትሮን 1 ብቻ ይዞ ማን ነው 4.9 የሚከፍለው? መልሱ፣ አማካዩ አይከፍልም። ከአማካዩ በላይ ርቀው የሚሮጡ ጥቂት ፈጣን ኤሌክትሮኖች አሉ፣ ጭራ ይሏቸዋል፣ ሱቁን የሚያበራው ያ ጭራ ነው፣ የቀረው ብዙሀን አጃቢ ነው።

የዛን አምፖል ጫፎች ደግሞ እዩዋቸው፣ ጥቁር ብለዋል። እዛ ጋ ያለው የተንግስተን ክርና የተቀባው ነገር እየተነነና በአዮን እየተደበደበ መስታወቱ ላይ ሄዶ የተለጠፈ ነው። እንግዲህ ጥቂት አስር ዋት በሚበላ አምፖል ውስጥ እንኳን ፕላዝማ ብረት ይበላል ማለት ነው። ኢተር ላይ የሚፈራውም ይሄው ነው፣ ሌላው ቀርቶ በ2023 የውስጥ ግድግዳውን ከቤሪሊየም ወደ ተንግስተን ለመቀየር ሲወስኑ ጥያቄው የበለጠ አፍጥጦ መጣ። ተንግስተን ከባድ አቶም ነው፣ ተቦርቡሮ ወደ መሀል ከገባ በዛ ሙቀት እንኳን ኤሌክትሮኖቹ ሙሉ በሙሉ አይነቀሉም፣ ስለዚ ያለማቋረጥ ሀይል በጨረር እየረጨ መሀሉን ያቀዘቅዘዋል፣ ከአስር ሺህ ወይ ከመቶ ሺህ አዮን አንዱ ተንግስተን መሆኑ በቂ ነው። ደግነቱ ዲዩተሪየም ተንግስተንን ለመቦርቦር ከ200 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ይዞ መምታት አለበት። ወለሉ አጠገብ ያለው ፕላዝማ 5 ኤሌክትሮን ቮልት ከሆነ ዲዩተሪየሙ ያን አቅም አያገኝም፣ 50 ከሆነ ግን ወለሉ ላይ ያለው ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽፋን አዮኑን ሲያስፈነጥረው ይደርሳል። ስለዚ ጨዋታው በሙሉ ያቺን የመጨረሻ ሴንቲሜትር ማቀዝቀዝ ላይ ነው።

እንዴት ይቀዘቅዛል? እዚህ ጋ ተፈጥሮ ራሷ ታግዛለች። አዮን ወለሉን ሲመታ ኤሌክትሮን ያገኝና ተራ አቶም ወይ ሞለኪውል ሆኖ ይመለሳል፣ ቻርጅ ስለሌለው ማግኔቱ አይዘውም፣ ተመልሶ ፕላዝማው ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሮን ይመታውና እንደገና አዮን ይሆናል፣ እንደገና በመስመሩ ወርዶ ወለሉን ይመታል። ይሄ ዙር ሪሳይክሊንግ ይባላል፣ አንዱ አቶም ከማሽኑ ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሞ ይመላለሳል። በያንዳንዱ ዙር ሀይድሮጅኑን አዮን ለማድረግ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ይከፈላል፣ ግን ትክክለኛው ወጪ ከዛ በላይ ነው፣ ምክንያቱም ኤሌክትሮን አቶሙን ሳይነቅለው ዝም ብሎ ቀስቅሶት ብርሀን አስተፍቶት የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ያ ሁሉ ተደማምሮ አንድ አዮናይዜሽን ከ25 እስከ 30 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያስወጣል፣ ፕላዝማው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዛም ይብሳል። እንዲህ ያለ ወጪ በዛ ሁሉ አቶም ላይ ሲባዛ ፕላዝማው እየደኸየ ይሄዳል። ሙቀቱ ከ5 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ሲወርድ አዮናይዜሽን መክሰም ይጀምራል፣ አዮኖቹ ከተራ አቶሞች ጋር ቻርጅና ፍጥነት እየተለዋወጡ ጉልበታቸውን ይበትናሉ፣ ወደ 1 ሲጠጋ ደግሞ ኤሌክትሮንና አዮን ተመልሰው ይጋባሉ፣ ፕላዝማው ወለሉን ሳይነካ መሀል መንገድ ላይ ጋዝ ሆኖ ይቀራል። ዲታችመንት የሚሉት ይሄን ነው፣ ኢተር ያለሱ አይሰራም። ሀይድሮጅን ብቻውን ስለማይበቃ ኒዮን ወይ አርጎን ወይ ናይትሮጅን ይረጩበታል፣ ናይትሮጅኑ ማቀዝቀዙን ይችልበታል ግን ከትሪቲየም ጋር አሞኒያ እየሰራ የነዳጅ ማጣሪያውን ስለሚያስቸግር ኢተር ኒዮኑን ነው የሚያስቀድመው። በዛ ላይ ዲታችመንቱ ልክ መያዝ አለበት፣ ቅዝቃዜው ከዳይቨርተሩ ወጥቶ ወደ ላይ ከተሳበ ገደሉን ራሱን ያፈርሰዋል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የተሟላ ይመስላል፣ ቀመር ጽፎ ኮምፒውተር ላይ ማስላት ነው የሚቀረው። እዚህ ጋ ግን ኪኔቲክ የሚባለው፣ ኤሌክትሮኖቹን በጅምላ ሳይሆን በየፍጥነታቸው ለይቶ የማየት ጣጣ ይመጣል፣ እኔን ወደዚህ ርዕስ የሳበኝም እሱ ነው።

የተለመደው ስሌት ፕላዝማውን እንደ ፈሳሽ ያየዋል። በየነጥቡ አንድ ሙቀት፣ አንድ ጥግግት፣ አንድ ፍጥነት ይሰጠዋል፣ ኤሌክትሮኖቹ በበቂ ሁኔታ እርስ በርስ ስለሚጋጩ ጉልበታቸው በታወቀው የማክስዌል ቅርጽ፣ አብዛኛው አማካዩ አካባቢ ጥቂቱ ጭራው ላይ ሆኖ፣ ተደልድሏል ብሎ ያምናል። ሙቀት በመስመሩ ላይ እንዴት እንደሚተላለፍ የሚሰላበት ቀመር በ1953 ስፒትዘርና ሀርም ያወጡት ነው፣ እሱም ኤሌክትሮን ሳይጋጭ የሚሄደው ርቀት አጭር ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ጠርዙ ላይ ይሄ እውነት ነው? ሴፓራትሪክስ አካባቢ 100 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ተራ ኤሌክትሮን በመደበኛው ጥግግት አስር ሜትር ገደማ ሳይጋጭ ይሄዳል። ከማሽኑ ወገብ ጀምሮ እስከ ዳይቨርተር ያለው መስመር ብዙ አስር ሜትር ነው። እሺ፣ ለተራው ኤሌክትሮን እንደምንም ይሁን። ሳይጋጩ የሚኬደው ርቀት ግን በፍጥነት አራተኛ ፓወር ነው የሚያድገው፣ ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ ኤሌክትሮን 16 እጥፍ ርቀት ይሄዳል፣ ሶስት እጥፍ የሆነ 81 እጥፍ። እሱ ማለት ከመስመሩ ርዝመት አልፎ ነው፣ ማንንም ሳይነካ ከላይ ተነስቶ ቀዝቃዛው ዳይቨርተር ጋ ከነሙሉ ጉልበቱ ይደርሳል። ሙቀቱን በዋናነት የሚሸከሙት ደግሞ እነዚሁ ፈጣኖቹ ናቸው።

በተቃራኒው ወለሉ አጠገብ 5 ኤሌክትሮን ቮልትና ከፍተኛ ጥግግት ባለበት ተራው ኤሌክትሮን ከአንድ ሚሊሜትር በታች ሄዶ ይጋጫል። ስለዚ እዛው አንድ መስመር ላይ ከላይ በኩል ፈሳሽ ነው ማለት የማይቻል፣ ከታች በኩል ጥሩ ፈሳሽ የሆነ፣ መሀል ላይ ደግሞ ከላይ የመጡ እንግዶች የተቀላቀሉበት ነገር አለ። እዚህ ጋ "ሙቀቱ 5 ነው" ማለት ምን ማለት ነው? አብዛኛው ኤሌክትሮን 5 ሊሆን ይችላል፣ መቶኛ የማይሞላው ግን ከ100 መንደር የመጣ ነው። አዮናይዜሽን ደግሞ ልክ እንደ ፍሎረሰንቱ አምፖል በጭራው ነው የሚሰራው፣ ማክስዌልን አምኖ በሰንጠረዥ የተቀመጠውን የአዮናይዜሽን ፍጥነት ወስደህ ካሰላህ ጭራው ወፍሮ ከሆነ አሳንሰህ ገመትክ፣ ጭራው አዮን በማድረግ ስራ ተሟጦ ሳስቶ ከሆነ ደግሞ አብዝተህ ገመትክ። ስህተቱ ወደየት እንደሚያጋድል አስቀድመህ አታውቅም፣ በየቦታው ይለያያል። አዮናይዜሽኑ የት ቦታ ተከሰተ የሚለው ደግሞ ፍሰቱን፣ ጥግግቱን፣ ዲታችመንቱ የት እንደሚቆም ይወስናል፣ ስለዚ በጭራው ላይ የተሰራች ትንሽ ስህተት ዞራ ዞራ ወለሉ ላይ በሚያርፈው ሜጋዋት ላይ ትወጣለች።

ባለሙያዎቹ ይሄን አያውቁም ማለት አይደለም፣ ከኔ በላይ ያውቁታል። ያገኙት መፍትሄ ግን፣ ልቅጩን ልናገርና፣ መጣፊያ ነው። በፈሳሽ ስሌቱ ላይ የሙቀት ፍሰቱ ከዚህ አይበልጥም የሚል ማስተካከያ ቁጥር ይጨምራሉ፣ ፍላክስ ሊሚተር ይሉታል፣ ቁጥሩ ስንት ይሁን የሚለው ግን ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ይለያያል። ቁጥሩን ከነባር ማሽን ጋር እንዲገጥም አስተካክለህ ገና ያልተሰራ ማሽን ላይ ስትጠቀምበት መተንበይ ነው ወይስ መመኘት? የኢተር ጠርዝ የሚሰላበት ዋናው የኮምፒውተር ኮድ ሶልፕስ-ኢተር የሚባለው ነው፣ ግማሹ ፕላዝማውን እንደ ፈሳሽ ያሰላል፣ ሌላው ግማሽ አይረኒ የሚባለው ቻርጅ የሌላቸውን አቶሞች አንድ በአንድ በሞንቴ ካርሎ እጣ እየጣለ ይከታተላል፣ ስለዚ ለአቶሞቹ ኪኔቲክ ነው ለኤሌክትሮኖቹ ግን አይደለም። እሱም ቢሆን ለኢተር አንድ ሁኔታ አስልቶ እስኪረጋ ሳምንታት አልፎ ወራት ይፈጃል። ሙሉ ኪኔቲክ ይሁን ካልክ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የፍጥነት ስርጭቱን ጭምር መያዝ አለብህ፣ ያን የሚችሉት አለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ሱፐር ኮምፒውተሮች ናቸው።

ልዩነቱ የምሁራን ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። በ2013 ቶማስ አይሽና ባልደረቦቹ ጄትን ጨምሮ ከብዙ ማሽኖች የሰበሰቡትን መለኪያ አንድ ላይ አድርገው የሪባኑ ስፋት ከምን ጋር እንደሚሄድ አወጡ፣ ማግኔቱ ሲጠነክር ሪባኑ ይቀጥናል፣ በማሽኑ ትልቅነት ግን አይሰፋም ማለት ይቻላል። ወደ ኢተር ሲዘረጋ 1 ሚሊሜትር ገደማ ሆነ፣ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ከዛ በ2017 አሜሪካ ፕሪንስተን ላይ ሲ ኤስ ቻንግ የሚመራው ቡድን ኤክስጂሲ የሚባለውን ኪኔቲክ ኮድ ኦክ ሪጅ ያለው ታይታን ሱፐር ኮምፒውተር ላይ አሰርቶ፣ ነባሮቹ ማሽኖች ላይ የአይሽን ቁጥር አገኘ፣ ኢተር ላይ ግን 6 ሚሊሜትር ገደማ አገኘ። ያው ኮድ፣ ያው ፊዚክስ። ለምን? ኢተር ከአዮኖቹ የሽክርክሪት ስፋት አንጻር ሲታይ በጣም ትልቅ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ያለው ነውጥ አይነቱ ይቀየራል፣ በማግኔቱ መሀል ተይዘው ወዲያ ወዲህ የሚሉ ኤሌክትሮኖች የሚነዱት ነውጥ ይነሳል፣ እሱ ኤሌክትሮኖችን ወደ ጎን ይበትናል፣ ሪባኑ ይሰፋል። በኤሌክትሮን ደረጃ ያልሄደ ስሌት ይሄን አያየውም። በ2021 ቡድኑ ተጨማሪ ስሌቶች ሰርቶ በማሽን ለርኒንግ አዲስ ቀመር አውጥቶ እዛው ውጤት ላይ ጸና።

ከ1 ወደ 6 ሚሊሜትር ማለት ኢንጂነሩ እንቅልፍ የሚተኛበትና የማይተኛበት ልዩነት ነው፣ የሚረጨው ኒዮን መጠን፣ የተንግስተኑ እድሜ፣ ዲታችመንቱ ምን ያህል ጥልቅ ይሁን የሚለው ሁሉ ከሱ ይቀዳል። እኔ እስከዛሬ ባነበብኩት 6ቱ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ግን ደስ ስለሚለኝ አላምነውም። ምክንያቱም ሰፊው ቁጥር የሚመጣው ከማሽኑ ትልቅነት ጋር ስለሆነ ትናንሾቹ ማሽኖች ላይ ፈትኖ ማረጋገጥ ከባድ ነው፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ እየተገነባ ያለው ስፓርክ እንኳን በጠንካራ ማግኔት የተሰራ ትንሽ ማሽን ነው፣ በጠባብ ሪባን ብዙ ሀይል እንዴት እንደሚያዝ ያስተምረናል እንጂ የኢተርን ጥያቄ አይዘጋም። ኢተር ደግሞ በ2024 በወጣው አዲስ ፕሮግራም የምርምር ስራ የሚጀምረው በ2034 ነው፣ ዲዩተሪየምና ትሪቲየም የሚገባበት 2039። ይሄ የመጨረሻው በኛ 2031 ወይ 2032 ግድም ማለት ነው።

ስለዚ ካፌ ውስጥ "ዩራኒየሙን ትተን ለምን ወደ ፊውዥን አንሄድም" ለሚለው ወዳጄ መልሴ አጭር ነው፣ የሚገዛ እቃ የለም። ሰሜን ሸዋ ላይ መብራት ሲጠፋ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የማመንጫ አይደለም፣ ግድቡ 5,150 ሜጋዋት አቅም አለው፣ የሚቸግረን መስመርና ትራንስፎርመር ነው፣ መንዝ ላይ ለተበጠሰ ሽቦ ፊውዥን ምን ያደርግለታል። መሀል ሜዳ ያለ ወፍጮ ቤት ሶስት ፌዙ ሙሉ ሆኖ ቢያድርለት እሱ ነው ዜናው።

ለተማሪዎች ግን ሌላ ነገር እላለሁ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ይሁን ሌላ ጋ ፊዚክስ እየተማራችሁ ለማስተርስ ርዕስ የጠፋባችሁ፣ መሀሉን ለመስራት ቢሊዮን ዶላር ማሽን ያስፈልጋል፣ ጠርዙን ግን በወረቀትና በላፕቶፕ መጀመር ይቻላል። አንድ የማግኔት መስመር ውሰዱ፣ ከላይ 100 ኤሌክትሮን ቮልት ምንጭ፣ ከታች ግድግዳ፣ መሀል ላይ የሀይድሮጅን አቶሞች፣ ኤሌክትሮኖቹን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በፓርቲክል ኮድ ተከታተሏቸው፣ ግጭት በእጣ ጨምሩ። ፓይተን ላይ ቀርፋፋ ነው፣ በሲ ወይ በፎርትራን ከጻፋችሁት ግን ተራ ላፕቶፕ ማታ አስተኝታችሁት ጠዋት ውጤት ይሰጣል፣ ባትሪው ደህና ከሆነና ውጤቱን በየመሀሉ ሴቭ የሚያደርግ መስመር ከጨመራችሁ፣ መብራት ሌሊት ሲሄድ የሰአታት ስራ ገደል ሲገባ ማየት ያበሳጫል። የሚከብዳችሁ ነገር ጭራው ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ቁጥራቸው ትንሽ ስለሚሆን ውጤቱ መንቀጥቀጡ ነው፣ ለነሱ ክብደታቸው ያነሰ ግን ቁጥራቸው የበዛ ፓርቲክል መስጠት ይጠይቃል። ያን ካለፋችሁ ውጤታችሁን ከስፒትዘርና ሀርም ቀመር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡና የት ላይ እንደሚለያዩ፣ አዮናይዜሽኑም በሰንጠረዡ ከሚጠበቀው በስንት እጥፍ እንደሚርቅ እዩ። ከዛ ማደግ የፈለገ ዮርክ ዩኒቨርሲቲና ላውረንስ ሊቨርሞር ላይ የተሰራው ባውት ፕላስ ፕላስ የሚባለው የጠርዝ ፕላዝማ ኮድ ክፍት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይወርዳል፣ ፈሳሽ ኮድ ቢሆንም ከናንተ ኪኔቲክ ውጤት ጋር የምታወዳድሩት ነገር ይሆናችኋል። ፍላክስ ሊሚተሩን 0.2 አድርጋችሁ አስኪዱት፣ ከዛ 0.6 አድርጉት፣ ዳይቨርተሩ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።